የወንድሜ የመሣሪያ ዝርዝር

ታናሽ ወንድሜ ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ በረዳትነት ከገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አምጥቶ ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አኖረልኝ፡፡ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ዝርዝር ነው፡፡ በአንደኛ ተራ የሰፈረው ድሪል ነበር፤ ቀጥሎ መሣሪያ የሚንጠለጠልበት የቆዳ ቀበቶ፤ ከዚያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ሜትር፡፡ ቴስተር ከሁሉ በታች፣ ከናስትሮ ጎን፣ ለወጉ ያህል የተጻፈ ይመስላል፡፡ እኔም የባንክ ጸሐፊ ነኝና መጀመሪያ ያደረግሁት ከየዕቃው አንጻር ዋጋ መጻፍ ነበር፡፡ ድምሩን ሳየው ብዕሬን አስቀመጥኩ፡፡

"ጋሼ፣ ድሪሉን ብቻ ግዛልኝ፤ የቀረውን ቀስ እያልኩ እሞላዋለሁ" አለኝ፡፡

ስለዚህ ልጅ ጥቂት ልበል፡፡ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ከየመቶው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ የሆኑበት ዓመት፡፡ እርሱ ከብዙዎቹ ጋር ቀረ፡፡ ውጤቱ በተሰማ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይውል ነበር፡፡ የእኔ ዲግሪ ደግሞ በመስታወት ተከብቦ ከራስጌው ተሰቅሏል፤ አንድ ቀን አውርጄ ከአልጋ ሥር ከተትኩት፡፡ በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተማረና እኔ ዘንድ ደባርቅ ሥራ ጀመረ፡፡ እናታችን የምትኖረው ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ድብ ባሕር ነው፤ "እጁ ሙያ ይያዝ እንጂ ሌላውን እግዜር ያውቃል" ብላ መርቃ ሰደደችው፡፡ የእርሷ እናት በሕይወት ብትኖር እንዲህ ባላለች፡፡ በእኛ አገር ብረት የሚነካ እጅ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፡፡ መብራትን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ያስገቡት አፄ ምኒልክ፣ ባለ እጁን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር፡፡ ዐዋጁ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ለመድረስ ከአምፖሉ የበለጠ ጊዜ ሳይወስድበት አልቀረም፡፡

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የግጥም መድበል ላሳትምበት ለዓመታት ያስቀመጥኳት ጥሪት አለችኝ፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ ተመልክቻለሁ፡፡ ወረቀትም ወጣ፤ ፒንሳም ወጣ፡፡ በዚያች ጥሪት መጽሐፉ እንደማይታተም ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ለራሴ ሳልነግረው ነው የኖርኩት፡፡

ከመግዛቴ በፊት ግን ዝርዝሩን ለአለቃው ላሳይ ብዬ እሑድ ከሰዓት ከወንድሜ ጋር ሄድን፡፡ አለቃው ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፡፡ ወረቀቱን አንብበው ሳቁና "ይህ ሰው እንዲያይህ ነው እንጂ እንድትሠራበት አይደለም" አሉት፡፡ ከዚያ ብዕሬን ተቀብለው ከድሪሉ በላይ ሁለት ቃል ጨመሩ፤ ጋን ቁልፍ፡፡

"ለመሣሪያው ሳጥን?" አልኳቸው፡፡

"የለም ልጄ፣ ለብሬከሩ ሳጥን፡፡ ማክሰኞ ያገኘውን አልነገረህም እንዴ?"

አልነገረኝም ነበር፡፡ ወንድሜ ጫማውን እያየ ዝም አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሶኬት እንዲቀይር ታዟል፡፡ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበታል፤ እርሱም መብራት ሄዷል ብሎ ብሬከሩን ሳያወርድ ክዳኑን ፈትቶ እጁን ሰደደ፡፡ መብራቱ መጣ፡፡ "መጀመሪያ የሱቁ ሬዲዮ ጮኸ፤ ከዚያ እኔ" ይላል ራሱ፡፡ ያተረፈው ሽቦውን በጣቱ ጀርባ መንካቱ ነው፤ ኮረንቲ የእጅን ጡንቻ ስለሚያኮማትር በመዳፉ የጨበጠ ሰው መልቀቅ ያቅተዋል፡፡ የ100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር ያህል ይወስዳል፤ የሰውን ልብ ምት ለማሳት የዚያ ሩብ ይበቃል፡፡ ይህን ስሌት እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ ሠራሁት፤ ቁጥር ለእኔ ያን ቀን እንደዚያ ቀዝቃዛ ሆኖ አያውቅም፡፡

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ "ሄዷል" የሚለው ቃል ምንም ዋስትና የለውም፡፡ ከመሥመሩ ባይመጣ ከጎረቤት ሊመጣ ይችላል፤ ዋናውን ማጥፊያ ሳያወርድ ጄኔሬተሩን ከሶኬት ጋር ያገናኘ ነጋዴ ኮረንቲውን ወደ ውጭ መሥመር መልሶ ይልከዋል፡፡ ብሬከሩ ወርዶ እንኳ ሌላ አደጋ አለ፡፡ አለቃው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "ባለቤቱ ከገበያ ይመለሳል፡፡ ቤቱን ጨለማ ሆኖ ያገኘዋል፤ የወረደ ብሬከር ያያል፤ ደግ ሰው ነውና ያነሣዋል፡፡" ስለዚህ ሳጥኑ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፡፡ ሳጥኑ መቆለፊያ ከሌለው የክፍሉ በር ይቆለፋል፡፡ አሮጌ ፊውዝ ከሆነ ተነቅሎ እርሱም ኪስ ይገባል፡፡ የእኛ ባንክ ካዝና ሁለት ሰዎች በየያዙት ቁልፍ ካልተገናኙ አይከፈትም፤ ለገንዘብ ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ለወንድሜ ጣት ምንም እንዳልነበረ አሰብኩ፡፡

ከቁልፉ ቀጥሎ ቴስተር ነው፡፡ ወንድሜ የጻፈው ያችን በካቻቢቴ መልክ የተሠራች፣ ጫፏን ሽቦው ላይ አድርገው ጀርባዋን በጣት ሲነኩ የምትበራዋን ነው፡፡ አለቃው አልናቋትም፤ ግን አያምኗትም፡፡ የምትበራው እጅግ ትንሽ ኮረንቲ በሰውየው ገላ በኩል ወደ መሬት ሲያልፍ ነው፡፡ በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ የጎማ ጫማ አድርጎ የቆመ ሰው እጅ ላይ፣ ሽቦው እያለ ላትበራ ትችላለች፡፡ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ በርታም ላትታይ ትችላለች፡፡ ሁለት መንኪያ ያለው፣ በሁለት ሽቦ መካከል የሚለካው ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ሦስት ጊዜ ነው የሚነካው፡፡ በመጀመሪያ መብራት እንዳለው የታወቀ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ የሚሠራበት ሽቦ ላይ፣ በመጨረሻ እንደገና የታወቀው ላይ፡፡ መሣሪያው ራሱ በመካከል ሞቶ እንደሆነስ? ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲሆን ደግሞ መብራት ያለው ቦታ ከየት ይመጣል? ይህን ጠየቅኋቸው፡፡ "ያን ጊዜ እንደ ሕያው ሽቦ ትቆጥረዋለህ" አሉኝና ወደ ሻያቸው ተመለሱ፡፡

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ጎንደር ወረድን፡፡ ከአንድ ሱቅ የቀረበልን ፒንሳ እጀታው ቀይ ላስቲክ፣ ላዩ ላይ 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ነበር፡፡ ወንድሜ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ጽሑፉን አሸው፤ ቀለሙ ለቀቀ፡፡ አለቃው ያስተማሩት መሆን አለበት፡፡ ለመያዝ እንዲመች ብቻ የተለበጠ ላስቲክ ከኮረንቲ አያድንም፤ የተመረመረው ምልክቱ እጀታው ላይ የተቀረጸ ነው፣ ሁለት የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖችም አሉት፡፡ ሦስት ሱቅ ዞረን አገኘነው፡፡ ዋጋውን ሲነግሩን ባለ ሱቁን እንደ ዕዳ ጠያቂ አየሁት፤ ከፈልኩ፡፡

በመንገድ ላይ ወንድሜ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ይነካካቸው ነበር፡፡ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፤ ሦስቱም የጣሊያን ቃላት ናቸው፡፡ በወረራው ዘመን ሊማሊሞን ቆርጠው መንገድ ያወጡት ሰዎች ሄደው መንገዱና ቃላቱ ቀሩ፡፡ ግጥም ላደርገው አስቤ ነበር፤ ዳባት ስንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ፡፡

ድሪሉ አልተገዛም፡፡ በዙሪያችን ካለው ቤት ብዙው ጭቃና እንጨት ስለሆነ መዶሻና ሚስማር ይበቃዋል፤ ለብሎኬቱ የአለቃው ድሪል አለ፡፡ ቀበቶውንም ሳይጠይቅ ተወው፡፡

ጋን ቁልፉ ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የተሸጠልን፡፡ አለቃው ሁለተኛው ቁልፍ ሥራ ቦታ ድርሽ እንዳይል አጥብቀው አዘዙ፤ ማንም ቸኩሎ እንዳይከፍትበት፡፡ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ድብ ባሕር ሲወርድ ይዞት ሄደ፡፡ ለእናታችን ስለ ማክሰኞው ነገር አልነገራትም፤ "ይህን አስቀምጪልኝ፣ ለማንም እንዳትሰጪ" ብቻ ነው ያላት፡፡ እርሷም ምን እንደሚከፍት ሳትጠይቅ፣ ከማተቧ ጋር በክር አሥራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፡፡