ይሉኝታ የዘጋው አፍ «አውፍ» አላለም



ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን ለመስጂዳችን የወጣቶች ፕሮግራም ከሰፈር ልጅ አንድ ስፒከር ተዋስን። ልጁ በሰርግና በድግስ እያከራየ እናቱን የሚጦርበት ነው። ተራዊሕ አልቆ ሰው ሲበተን ግቢ ውስጥ ረስተነው ሄድን። ሌሊት ዝናብ ወረደበት፤ ጠዋት አልሠራም አለ።

ልጁ ሲመጣ «የአላህ ቀደር ነው፣ አውፍ በለን» አልነው። አቀርቅሮ «ችግር የለውም ኡስታዝ» ብሎ ሄደ። እኛም ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ኪታብ ያስቀሩን ሸይኻችን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ቀደሩስ የአላህ ነው። ዝናብ ላይ የተወው ማነው?» አፈርን። የደማንን ምዕራፍ እሳቸው ፊት ቁጭ ብለን ቀርተነው ነበርና።

ደማን ማለት ያጠፉትን የሰው ንብረት መተካት ነው። ተመሳሳይ የሚገኝለት በተመሳሳዩ፣ እህል በእህል ይተካል፤ የማይገኝለት በዋጋው ይከፈላል። አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን እናስታውስ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች አንዷ ቅናት ይዟት፣ ሌላዋ ምግብ የላከችበትን ሰሃን ሰበረች። ነቢዩ ስብርባሪውንና ምግቡን ሰበሰቡ፤ ቅናቷንም ተረዱላት። ሆኖም ደህናውን ሰሃን ሰሃኗ ለተሰበረባት ላኩ፤ የተሰበረው ሰባሪዋ ቤት ቀረ። ይቅርታውም ነበር፣ ካሳውም ነበር። አንዱ ሌላውን አላስቀረም።

በስህተት ያጠፋ ሰው ከወንጀሉ ሊድን ይችላል፤ የሰው ሐቅ ግን በዚያ አይወርድለትም። በስህተት ነፍስ ለጠፋበት ቤተሰብ እንኳ ዲያ እንዲከፈል ቁርኣን አዟል (አን-ኒሳእ 92)፤ ቤተሰቡ ወዶ ካልማረ በቀር። ልብ በሉ፣ ወዶ! በይሉኝታ ዝም ማለት ምሕረት አይደለም። በሌላ በኩል ካሳ ማትረፊያም አይደለም፤ ያገለገለ ዕቃ ባገለገለበት ዋጋ ነው የሚገመተው።

ስፒከሩን በባለሙያ አስገምተን በሦስት ወር ከፍለን ጨረስን። ልጁ የመጨረሻውን ሲቀበል «ኡስታዝ፣ ከስፒከሩ ይልቅ በቀደር አፌን መዝጋታችሁ ነበር ያመመኝ» አለን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ወንድሜ፣ ገጭተኸው የሄድከው የመኪና መስታወት አለ? እህቴ፣ ተውሰሽ ያቃጠልሽው ቀሚስ አለ? ዛሬውኑ ደውሉ። መጀመሪያ «ስንት ልክፈል?» በሉ፤ «አውፍ በለኝ» ከዚያ ይከተል።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።