ቁመተ ረጅሙ ፓይለት ጉልበቱን የት ያድርገው?

ረጅም ሰው በሠርግ ፎቶ ላይ ያምርበታል። በሰልፍ መሃል ከሩቅ ይታያል። ከቁም ሳጥን አናት ላይ ሻንጣ ማውረድም ለእሱ ቀላል ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል! ታክሲው እንኳ ከሜክሲኮ ሳሪስ አድርሶ ይገላግለዋል። እስቲ አስቡት ወገኖቼ፤ ያው ሰው ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ፣ ያውም ራሱ እያበረረ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቀመጥስ?

ጥያቄውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የእኛው እንጀራና ቡና እንደ ልብ በሚገኝባት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ነው። ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀማት ገንዘብ ለቤት መግዣ አይደለችም፤ የበረራ ፈቃድ ለማውጣት ነው። በመጀመሪያው የሙከራ በረራ ግን ጉልበቱ ከመሪው ስር ተቀርቅሮ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። «እኔ ለአየር አልተፈጠርኩም» ብሎ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ሊያውላት ምንም አልቀረው። ይተው ወይስ ይቀጥል? መልሱን ፍለጋ ሁለታችን መኪና ይዘን ትናንሾቹን አውሮፕላኖች ስናይ ሰነበትን።

ከአንጋፋው ሜዳ እንጀምር

ከሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮሌጅ ፓርክ ይደረሳል። እዚያ ያለችው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ እንዲህ በዋዛ የምትታይ አይደለችም። በ1909 ዊልበር ራይት የአሜሪካ ጦር መኮንኖችን በረራ ያስተማረው እዚሁ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ሳታቋርጥ የኖረች በመሆኗ በዓለም አንጋፋዋ ትባላለች። ለዋሽንግተን ከተማ ቅርብ ስለሆነች ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ እዚያ ለመነሳትና ለማረፍ አብራሪው አስቀድሞ ተጣርቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ከሜዳው አጠገብ ያለው ሙዚየም ውስጥ ወዳጄን ያስቆመው ኤርኩፕ የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። የተሠራው እዚያው ጎረቤት፣ ሪቨርዴል ውስጥ ነው። የዚህ አውሮፕላን ጉድ ምን መሰላችሁ? ንድፉን ያወጣው ፍሬድ ዊክ የጅራቱን መሪ ከእጅ መሪው ጋር ስላገናኘው፣ በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ በእግር የሚረገጡት የጅራት ፔዳሎች መጀመሪያውኑ አልተገጠሙለትም። እግር ሥራ ፈታ ማለት ነው! ወዳጄ ከውጭ ሆኖ ሲያየው ፈገግ አለ። ነገር ግን ኤርኩፕ ያረጀና ጠባብ ነው፤ የዛሬ ተማሪ በሱ የመማር ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ከብ የሚባለው ቢጫ አውሮፕላን ደግሞ ሁለቱን ሰዎች እንደ ሞተር ብስክሌት ከፊትና ከኋላ ያስቀምጣል። ትከሻ ከትከሻ አይጋጭም። ሆኖም ብቻውን የሚበር ሰው የሚቀመጠው በኋላው ወንበር ላይ ነው። እግሩን የፊተኛውን ወንበር አሳቅፎ መዘርጋት አለበት።

ፍሬደሪክ፦ ወንበር ላይ የወጣው እውነት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ገደማ ሲነዳ ፎቁ እየቀነሰ፣ እርሻውና ተራራው እየቀረበ ይመጣል። ፍሬደሪክ ናት። የአሜሪካ የግል አብራሪዎችና የአውሮፕላን ባለቤቶች ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በዚህችው ማረፊያ ነው። በአካባቢው ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቀን፣ ያለ በረራ መሬት ላይ እንዲሁ ቁጭ ብለን እንድንሞክር ፈቀዱልን።

መጀመሪያ ሴስና 152። ታላቅ ወንድሙ 150 ከ1958 እስከ 1977 ከ23 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ 152 ደግሞ እስከ 1985 ቀጥሏል። ስንቱ አብራሪ ፊደል የቆጠረበት ነው! ስፋቱ ግን በትከሻ በኩል አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ሲገቡበት ክንዳቸውን የሚያስቀምጡበት ያጣሉ። ወዳጄ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋው። እግሩ በመጠኑ ተዘረጋ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሲያዞረው ግን ጉልበቱን ነካ። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ደግሞ ዓይኑ ከክንፉ ሥር ጋር እኩል ሆነ፤ ወደ ጎን ለማየት አንገቱን መስበር አለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉልበት መሪን መንካቱ የምቾት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም! በማረፊያ ሰዓት የጎን ንፋስ ሲገፋ አብራሪው መሪውን እስከ መጨረሻው ማዞር ሊያስፈልገው ይችላል። ያን ጊዜ ጉልበቱ ቢከለክለውስ? ሌላም አለ። የሴስና ወንበር በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚይዘው ወደ ቀዳዳ የሚገባ ፒን ነው። ፒኑ በደንብ ካልገባ፣ ወይም ሐዲዱ ካለቀ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ሰውየው ደንግጦ መሪውን ይዞ ሲሄድ አፍንጫው ይበልጥ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ወንበሩን የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ የሚያስቀምጠው ረጅሙ ሰው ነውና፣ ፒኑን ከማንም በላይ መፈተሽ ያለበትም እሱ ነው።

ቀጥሎ ፓይፐር ቶማሃውክ። ከ1978 እስከ 1982 የተሠራ ነው። ክንፉ ከታች፣ በሩ በሁለቱም በኩል፣ መስታወቱ ዙሪያውን ነው። ስፋቱ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እነዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ትከሻ ላይ እንደ ሳሎን ይቆጠራሉ። ወዳጄ ተነፈሰ። ጉልበቱ ግን አሁንም ለመሪው ቅርብ ነው።

በመጨረሻ ዳይመንድ ዲኤ20። ይህ ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። ወንበሩ አይንቀሳቀስም፤ የሚሄዱት የሚመጡት ፔዳሎቹ ናቸው። ሰውየው ጋደም ብሎ ይቀመጣል፣ በመሪ ፋንታ በሁለት እግሩ መሃል ዘንግ አለ። ወዳጄ ፔዳሉን ገፍቶ እግሩን ለቀቀው። «ይሄማ የአልጋ ያህል ነው!» አለ።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። አብሮን የነበረው አስተማሪ ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ነው፤ ከወዳጄ ያንሳል። እሱ ግን ዲኤ20 ውስጥ ሲገባ አናቱ የመስታወቱን ጣሪያ ይነካል! ለምን? የወዳጄ ርዝመት እግሩ ላይ ነው፤ የአስተማሪው ደግሞ ወገቡ ላይ። ቆመው ሲለኩ የሚያጥረው፣ ተቀምጠው ሲለኩ በለጠ። እንግዲህ «ስንት ሜትር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይመልስም። ርዝመቱ የት ነው ያለው? የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ዲኤ20ም ቢሆን እንከን አያጣም፤ በበጋ ፀሐይ መስታወቱ ስር ያቃጥላል፣ መሬት ላይ የሚታጠፈውም በእግር ፍሬን ስለሆነ 47 ቁጥር ጫማ ያለው ሰው ፔዳሉን በጥንቃቄ መልመድ አለበት።

ክብደትስ?

ረጅም ሰው ብዙ ጊዜ ከባድም ነው። ሴስና 152 ሲነሳ ከ757 ኪሎ መብለጥ አይፈቀድለትም። የራሱ ክብደት ሲቀነስ 240 ኪሎ ያህል ቢተርፍ፣ ሙሉ ነዳጅ 67 ኪሎ ይወስዳል። ለሁለት ሰው 173 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። ተማሪው 98፣ አስተማሪው 85 ቢሆኑ አለቀ፤ ነዳጅ መቀነስ ነው፣ ማለትም የበረራ ሰዓት ማሳጠር። የእያንዳንዱ አውሮፕላን ትክክለኛ ቁጥር በሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ይጠይቁ፣ አይፈሩ።

ምክራችን

የበረራ ትምህርት ያማራችሁ ረጃጅሞች ሆይ፦

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጭ በሉበት። አምስት ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት። አስተማሪውም አብሯችሁ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የምትበሩበትን ጫማ አድርጉ፣ የጆሮ ማዳመጫውንም ጫኑ። ከአናታችሁ በላይ ቢያንስ አንድ ጭብጥ ክፍተት ይኑር። አየሩ ሲናወጥ ጣሪያው ቀልድ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ መሪውን ወይም ዘንጉን ወደ አራቱም አቅጣጫ እስከ ጫፍ ውሰዱት። ሁለቱንም ፔዳል እስከ መጨረሻ ርገጡ፣ ፍሬኑን ሞክሩ። የትም ቦታ ሰውነታችሁ ከከለከለው ያ አውሮፕላን የእናንተ አይደለም።

አራተኛ፣ ወንበሩ የሚንሸራተት ከሆነ ከተቆለፈ በኋላ በኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት።

አምስተኛ፣ ሁለት መቀመጫው ሁሉ እምቢ ካለ አራት መቀመጫ ያለው ሴስና 172 አለ። በሰዓት የሚያስከፍለው ይበልጣል፤ ነገር ግን ሰፋ ይላል፣ ክብደትም ይችላል።

ወዳጄ ገንዘቧን ለሌላ ጉዳይ አላዋላትም፤ በዲኤ20 ሊማር ተመዝግቧል። ጠባብ ጫማ ገዝቶ እግሩን የሚወቅስ ሰው የለም፤ ጫማውን ይቀይራል። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው።