ባዶ የተውኩት ገጽ

ሜሪላንድ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ካጠፋሁት ሁሉ አብልጦ የሚከነክነኝ በአንዲት አጭር ደብዳቤ የሠራሁት በደል ነው። ደብዳቤዋ አንድም ውሸት አልነበረባትም።

ታካሚዬ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ እናት ናቸው። ከባድ ድብርት ከሥራ ሲያስቀራቸው ለሶሻል ሴኩሪቲ የዲሰብሊቲ አበል አመለከቱና «ዶክተር፣ ይቺን ይሙሉልኝ» ብለው ቅጹን ሰጡኝ። «እሺ፣ እሞላለሁ» አልኳቸው።

ልቤ ግን አልተቀበለውም ነበር። ያታልላሉ ብዬ አልጠረጠርኳቸውም። አበሉ ከቤት ያስቀራቸዋል፣ ቤት መዋሉ ደግሞ ሕመሙን ያብስባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ይህን ፊት ለፊት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ይቀየሙኛል፣ ቀጠሮም መድኃኒትም ይተዋሉ ብዬ ዝም አልኩ። ሥራ መሥራት መቻል አለመቻላቸውን የሚጠይቀውን ገጽ ባዶውን ትቼ፣ «ድብርት አለባቸው፣ በእኔ ክትትል መድኃኒት ይወስዳሉ» የሚል ደብዳቤ አያይዤ ላክሁ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደማይረባ አውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በበሽታ ስም አበል አይሰጥም፤ ሐኪሙ «መሥራት አይችሉም» ስላለም ብቻ አይፈቅድም። ችግሩ ቢያንስ 12 ወር የሚዘልቅ መሆኑን ያያል። ሰውየው ነገር ተረድቶ ያስታውሳል ወይ፣ ከሰው ይግባባል ወይ፣ ሐሳቡን ሰብስቦ ሥራ ላይ ይዘልቃል ወይ፣ ራሱን ይመራል ወይ እያለ ይመረምራል። መልሱ እጄ ላይ ነበር። ድስት ጥደው ይረሳሉ፤ ገላቸውን የሚያጥቧቸው እኅታቸው ናቸው። ማስታወሻዬ ላይ ግን ከቀጠሮ ቀጠሮ እየገለበጥኩ «ንጹሕ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተሠርቷል፣ ተረጋግተዋል» እል ነበር። ፀጉሩን የሠሩት እኅታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ለሐኪም ቀጠሮ ለማድረስ ከሌሊት ጀምረው እንደሚያለባብሷቸው ነግረውኛል።

አበሉ ተከለከለ። ይግባኝ የሚባልበት 60 ቀን የክልከላው ደብዳቤ ሳይከፈት አለፈ። ድብርት የያዘው ሰው የመጣለትን ፖስታ እንደማይከፍት እኔ አጥቼው ነው? ደብዳቤ መጣ ወይ ብዬ ጠይቄም አላውቅም።

በ1997 እ.ኤ.አ. ስትራስበርገር፣ ጉትሃይልና ብሮድስኪ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ፣ አንድ ሰው ሕክምና ሰጪም የፍርድ ቤት ባለሙያ ምስክርም ሲሆን ሁለቱ ሥራዎች እንደሚጋጩ ጽፈዋል። እውነት ነው። እኔ ግን «ሐኪም እንጂ መርማሪ አይደለሁም» እያልኩ መሸሸጊያ አደረግሁት። እንደዚያ ካመንኩ «ይህን ሌላ ሐኪም ይሙላልዎት» ማለት ነበረብኝ።

በኋላ እኅትየዋ የአበሉን ፋይል ይዘው መጥተው፣ ለክልከላው ማስታወሻዬ የተጠቀሰበትን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ያደረግሁትን ነገርኳቸው። «ቢነግሩን ኖሮ ሌላ ሐኪም እንፈልግ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አዲስ ማመልከቻ ሲገባ የማውቀውን ሁሉ ጻፍሁ፤ ከመላኬ በፊትም ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ስለ ሥራ ያለኝን ሐሳብም ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ ታካሚዬ ሰሙኝ፣ አልተስማሙም፣ ቀጠሯቸውንም አልተዉም። እኅታቸው በመካከሉ የቤት ኪራዩን ለመሙላት የሌሊት ሥራ ጨምረው ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ያን ድካማቸውን ግን የምክስበት መንገድ የለኝም።