አበባ የለበሰ አይብ

ጣጣውን ያመጣው አዲስ አበባ አንድ ግብዣ ላይ ያየሁት ገበታ ነው። ጣውላ ላይ ፎርማጆ በየዓይነቱ ተቆርጦ፣ በመሐል በመሐሉ የሚበላ አበባ ተሰክቶበት፣ ሰው ሁሉ ሳይቀምስ ስልኩን ያወጣል። ጓደኞቼ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ሊያልፉ መሆኑን ስሰማ፣ ቢቸና አክስቴ ቤት ቁርስ ጠራኋቸው። ሞጣ ደርሰው ዓባይ ላይ ያለውን የፋሲል ዘመን ሰባራ ድልድይ ሊያዩ ነው። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አለመሆኑን አረጋገጥኩ። መስከረም 28።

አክስቴ መናጫዋን በወይራ አጥና ሌሊት ተነሥታ ናጠች። ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረውን አሬራ ለስላሳ እሳት ላይ ጣደችው። ሙያው እዚህ ላይ ነው። የወተት ባለሙያዎች ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል ይላሉ፤ አክስቴ ዲግሪ አታውቅም፣ ጣቷን ትነክራለች። እሳቱ ከበረታ አይቡ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ካነሰ ደግሞ ከአጓቱ አልለይ ይላል። ከ8 ሊትር ወተት የሚገኘው አይብ 1 ኪሎ ያህል ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ተደክሞበት የወጣው ነገር ነጭ ነው፤ ነጭ ብቻ። እኔን ቀለም የሚለምን መሰለኝና ወደ ደጅ ወጣሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጎጃም አበባ ለመፈለግ ሩቅ አያስኬድም። እጄን ሞልቼ ቢጫ ቢጫውን ለቅሜ ተመለስኩ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አደይ።»

«ይኼማ ኑግ ነው! አደዩ የታለ?»

ከእቅፌ ውስጥ አደዩ አራት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አልፈረድኩም በራሴ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ስንት የከተማ ሰው የኑግ ማሳ ውስጥ ቆሞ «በአደይ አበባ መሐል» ብሎ ፎቶ ተነሥቷል። አንዱ ግን ሳይዘሩት የሚበቅል ነው፣ ሌላው ዘይት እንዲሆን ተዘርቶ የሚታጨድ። ገበሬው ኑግን በእህል ማሳ ጠርዝ የሚዘራበት ሌላም ምክንያት አለው፤ ከብት አይወደውም፣ አጥር ይሆንለታል።

አክስቴም ያነሣችው ይህንኑ ነው። «ከብት የሚሸሸውን ነው ለእንግዳ የምታቀርበው?»

«አዲስ አበባ እኮ አበባ ይበላል፣ እትዬ።»

«አበባ ለንብ ነው። እኛ ማሩን እንበላለን።» ማሩ ደግሞ አጠገባችን ነበር፤ እናቴ ከሞጣ የላከችው ያምናው። የዘንድሮው ኅዳር ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ያ የተናቀው ኑግ በንቧ በኩል ዞሮ ገበታው ላይ ይወጣል።

መቼም ቤታችን አበባ ጠልቶ አያውቅም። ቄጠማ ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል፤ ሰፌዱና ሌማቱ ላይ ባለቀለም አክርማ በአበባ አምሳል ይሰፋል። ዓይን የሚያየው ከምግቡ ሥር ወይም ከምግቡ ዳር ነው እንጂ ምግቡ ላይ አይደለም። ምግቡ ውስጥ የገባውን አበባ ደግሞ ማንም አያየውም። በሶብላን ተመልከቱ፤ ያ ወይን ጠጅ ዘለላ ደርቆ በርበሬ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። አክስቴን የረታኋት በዚህ ነው። በርበሬ ውስጥ ስንበላው የኖርነውን አይብ ላይ ብናስቀምጠው ምን ነውር አለው?

«በል እንግዲያው ከጓሮ ቁረጥ» አለች፣ ሳይዋጥላት።

ሌማቱ ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፍን። አይቡ መሐል ተከመረ፣ ዙሪያውን የበሶብላ ዘለላ፣ ጎን ላይ ማሩ በስኒ። ጤና አዳም እንደ ጫካ ልተክልበት ስል እጄን ያዘችኝ። «አንዲት ቅንጣቢ ትበቃለች፤ ነፍሰ ጡር ካለችባቸው ደግሞ እሷንም ተዋት።» ጤና አዳም ሲበዛ ይመራል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። እንግዶቹን በስልክ ጠየቅኩ፣ የለችም አሉ፤ አንዲቷን አናቱ ላይ ሰካኋት።

መጡ። እንዳሰብኩትም ስልካቸውን አወጡ። አክስቴ እየተሳቀቀች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፦ «ምን ጎድሎበት ነው የሚያዩት?»

ከዚያ አንደኛዋ እንግዳ እጇን ሰበሰበች። «እኔ ጽጌን እጾማለሁ» አለች በትሕትና።

ጽጌ! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት፣ ሜዳው አበባ፣ ላሟ ወተት የሞላችበት ወር፤ ጿሚው ግን አበባውን እያየ ወተቱን ይተወዋል። እኔ ሁለቱን አንድ ሌማት ላይ ለማገናኘት ከዓመቱ የመረጥኩት ወቅት ይህ ነው።

አክስቴ አልደነገጠችም። ጓዳ ገብታ የሱፍ ፍትፍት ይዛ ወጣች፤ አስቀድማ አሰናድታው ኖሯል። ነጭ ነው፣ ምንም አልተሰካበትም። ቀድሞ ያለቀውም እሱ ነው፤ የማይጾሙትም ሳይቀሩ ተሻሙበት።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ አራቱን አደይ አክስቴ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ጨምራ መስኮት ላይ አቁማቸዋለች። ኑጉን አጥሩ ሥር ጣልኩት። ላሟ መጥታ አሸተተችውና አለፈች።