ግመሎቹ የቀደሙን ዕለት

ከበራህሌ ወደ ሐመድ ኢላ የሚወስደው አስፋልት ሳይሠራ በፊት፣ ወደ ዳሎል የሚወርድ መኪና መንገዱ የደረቀ ወንዝ ነበር። ወንዙ ሳባ ይባላል። ከትግራይ ደጋ ጫፍ ይነሣና ድርብርቡን ድንጋይ ሰንጥቆ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ውኃው ባሕር ሳይደርስ እዚያው አሸዋና ጨው ውስጥ ይቀራል። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች፤ ሐመድ ኢላ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ነው በጎማ የምንወርደው።

ሾፌራችን መስመሩን ለዓመታት የሠራበት ሰው ነው። ሸለቆው አፍ ላይ ላንድክሩዘሩን አቆመና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያስተነፍስ ጀመር።

«ጋሼ፣ እንዲህ ለስልሶ ድንጋዩ አይበላውም?» አልኩት።

«ይበላዋል እንጂ! አሸዋው ለስላሳ ጎማ ይፈልጋል፣ ድንጋዩ ጠንካራ። ሁለቱንም ማስደሰት አይቻልም። ዛሬ ለአሸዋው አድልተናል።»

ገባን። ግራና ቀኙ ገደል እየተጠጋ መጣና ሰማዩ ቀጭን ሆነ። አፋሩ መንገድ መሪያችን በረባሶውን እየጎተተ ከፊት ይሄዳል፤ በእጁ ግራ ሲያሳይ ግራ፣ ቀኝ ሲያሳይ ቀኝ ነው። ከፖርቶመጋላው በላይ ከፍ ብሎ፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ደረቅ ሣርና ቅርንጫፍ ተሰክቷል። ጎርፍ ያስቀመጠው ነው። እዚህ ጠብታ ባይወርድም ደጋው ላይ ከዘነበ ይበቃል። መሪያችን ቆም እያለ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ለዚሁ ነው።

ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የፈራነው ደረሰ። የኋላው ጎማ እስትንፋሱን ለቀቀ። ወርደን ስናይ ጎኑ እንደ ከንፈር ተከፍቷል፤ ጥርሱ ግን ደህና ነው። ክሪኩን ከሥሩ አስገብተን ስናነሣ፣ መኪናው በመነሣት ፈንታ ክሪኩ ጠጠር ውስጥ ሰመጠ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገን አነጠፍንለት፤ እንደገና ጀመርን። ሙቀቱ ብሎኑን በጨርቅ ካልሆነ አያስነካም።

እንዲህ ስንፍጨረጨር ከኋላችን የኮቴ ድምፅ መጣ። ጠዋት አቧራ አልብሰን ያለፍናቸው፣ ጨው ሊጭኑ በግመል የሚወርዱት አርሆዎች ናቸው። ግመሎቹ አንዱ ካንዱ ጭራ ታስረው፣ ለመልሱ ጉዞ የሚበሉትን ሣር ተሸክመው፣ በመኪናውና በአለቱ መካከል ረጋ ብለው አለፉ። አንድ ሽማግሌ ተቦትርፎ የወጣውን ጎማ አየና፣ ቀጥሎ የመሪያችንን በረባሶ አየ።

«ይኼኛው ጎማ ይሻላል» ብሎ ሄደ። ከኛ በላይ የሳቀው ሾፌሩ ነበር።

ዛሬ አስፋልቱ አለ። ያን መንገድ ስንሰድበው ኖርን እንጂ፣ የአርሆዎቹ ጠበቃ እሱ ነበር። መኪና እየተሰባበረ በሚያልፍበት ድንጋይ ላይ ከግመል የሚፎካከር ነጋዴ አልነበረም። ድንጋዩ ሲነሣ ጨውም ጭነት መኪና ላይ ወጣ፤ ቅፍለቱም እየሳሳ ሄደ። ሾፌራችንን ያ ሸለቆ ይናፍቀው እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ለጎማዬ እሰየው፤ ለአርሆው ግን እንጃ» አለኝ።