የከሰል ማያያዣዬ ፌስታል

የልጅ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ «እማማ፣ ባዶ ሃይላንድና ያለሽን ፌስታል ሁሉ ስጪኝ» አለኝ። ፌስታሉን ሃይላንድ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሃይላንዱን እንደ ጡብ ደርድረው፣ በግቢያቸው ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጫ ሊሠሩ ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ሃይላንድ ታዟል።

ሃይላንዱን ሰጠሁት። ፌስታሉን ግን ከለከልኩት። በር ጀርባ የማንጠለጥለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ከሰል የማያይዘው በእሱ ነው። ቁራጭ ፌስታል ከሥር አድርጎ ክብሪት መጫር ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን የማያደርግ ጥቂት ነው።

«የፌስታል ጭስ መርዝ ነው ብላለች መምህራችን» አለኝ። «እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንኖር ምን ሆንን?» ብዬ አባረርኩት።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታናሽ እህቱ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክረምት ከበጋ ታስላለች። ብርድ ነው እያልኩ ዝንጅብል በማር አጠጣታለሁ። ጤና ጣቢያ የወሰድናት ቀን ነርሷ፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ከቡና ላይ ዕጣን በቀር ምንም የለም» አልኳት። ልጅቷ ደግሞ ከሰል ሳያይዝ ከአጠገቤ አትጠፋም።

በማግስቱ በር ጀርባ ያለውን በሙሉ አውርጄ ሰጠሁት።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እርጥብና ቆሻሻ ፌስታል ከገባ ውስጡ ይሻግታል፤ ስለዚህ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ተቆራርጦ በእንጨት እየተጠቀጠቀ ይገባል። የማማሰያዬ እጀታ ለሃይላንዱ አፍ ልክ ሆኖ ተገኘና እሱም ተወሰደብኝ! በሁለተኛው ሳምንት ሞላ ብለን ባለሱቁ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 400 ግራም ብቻ ሆነ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቢያንስ 660 ግራም መመዘን አለበት፤ አለዚያ ሲቀመጡበት ይጨማደዳል። የእኛን ቤት ጨርሰን ከጎረቤት ለመንን። ያን ያህል ፌስታል ስንት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስንቱን አጭሼው ይሆን?

የግንባታው ቅዳሜ ወላጆችም ተጠራን። ሃይላንዶቹ እየተጋደሙ በጭቃ ተደረደሩ። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ እሳትም ያሰጋዋል። ስለዚህ ምንም ሳይታይ መመረግ አለበት። ወጣቶቹ ጭቃውን እዚያው አቡክተው ሊመርጉ ሲሉ እኔና ሌሎች እናቶች አስቆምናቸው። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ተረግጦ ቀናት ካልቆየ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ቤታችንን ስንሠራ ያየነው ነው። ምርጊቱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ። ጫማችንን አውልቀን ረገጥን። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁብን፤ ቆይተው እነሱም ገቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

ዘዴው የእኛ ብቻ አይደለም። በጓቲማላ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ መማሪያ ክፍሎች ጭምር ተሠርተውበታል፤ እዚያ ሃይላንዶቹን በሽቦ መረብ መካከል ደርድረው በሲሚንቶ ይለስኗቸዋል።

አንድ መቀመጫ ከተማውን እንደማያጸዳ አውቃለሁ። ባዶውን ሃይላንድ ቁራሌው ይገዛል። ፌስታሉንና የብስኩቱን ልባስ ግን የሚፈልገው የለም፤ ወይ ቦይ ይዘጋል፣ ወይ ምድጃችን ውስጥ ይገባል። ሃይላንድ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

አሁን ከሰል የማያይዘው በጭራሮ ነው፤ ያውም ደጅ፣ ልጅቷ ሳትነሳ። ሳሉ ጨርሶ አልተዋትም። ባለፈው ቀጠሮዋ ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ግን እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። «ብዙ እናቶች አይነግሩንም» ብቻ አለችኝ።

እኔም ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው።