የሸዋ መንገድና የልጆች ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የአባቶቻችን ቃል በሁሉ አፍ የሚነገር ነው። ዳሩ ግን መልአኩ ስሙን ከማውጣቱ አስቀድሞ አያት፥ አባት፥ እናት፥ ጎረቤት፥ አንዳንድ ጊዜም በአሜሪካ የሚኖር አጎት ምክራቸውን ሳይሰጡ እንደማይቀሩ በቤቱ ልጅ የተወለደለት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ይህነን ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያስተዋልነው በ2009 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደብረ ብርሃን በኩል እስከ አንኮበር በተጓዝን ጊዜ ስለ ሆነ፥ ይህን ገጽ ለሚያነቡ እናቶችና አባቶች መንገዱንና በመንገዱ የሰማነውን ስም አያይዘን ለመጻፍ ወደድን።

የደሴው አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ወጥቶ ሰንዳፋን፥ አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ይደርሳል፤ እስከ ደብረ ብርሃንም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ነው። በጥር ወር ገብሱ ተወቅቶ ጭዱ በየደጁ ተከምሮ፥ በጎቹም በታጨደው ማሳ ላይ ተሰማርተው ይታያሉ። ሸኖ ሲደረስ ለጋ ቅቤ የማይጠይቅ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ እኛም ጠይቀናል፤ ዋጋው ግን እንደ ቀድሞው አይደለም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት ሁለቱን ልጆችዋን ናሆም፥ ሶልያና እያለች ስትቆጣ፥ ከአጠገብዋ የነበሩ አሮጊት «ልጄ፥ የሴቲቱ ስም ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት። እርስዋም «ከስልክ ላይ ነው ያገኘሁት፥ እማማ፤ ሲጠሩት ደስ ስላለኝ ነው» ስትል፥ አሮጊቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «እንኪያስ ክርስትና ያነሣት ስልኩ ነዋ!» አሉ። የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ እናቲቱም አብራ ሳቀች።

ጫጫ ሲደረስ አንጎለላ ቅርብ ነው። አንጎለላ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ ይቀመጡበት የነበረ ከተማ ሲሆን፥ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያ ነው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበረ፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን ምኒልክ በሚለው ነው። የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ዳኘው ነበረ፤ እኛም በዳኝነት ቤት እየጻፍን እንጀራችንን የምንበላ ስለሆንን ይህ ስም ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። እንግዲህ ለአንድ ሰው ሦስት ስም መኖሩ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከእርሳቸው በፊት ከነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስም ሁለቱ በልጅነታቸው ካሣ ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም ሲነግሡ ስማቸውን ለወጡ።

ካሣ ማለት በጠፋው ፈንታ የተሰጠ ማለት ነው። በአማርኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቃል፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅ ካሣ፥ ምትኩ፥ ማስረሻ ይባላል። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደች ዘነበች፥ እህል ሲሰበሰብ የተወለደ አዝመራው፥ ብዙ ዓመት ተጠብቆ የመጣ ዘገየ ይባላል። ጥላሁን የተባለው ለቤተ ሰቡ ጥላ እንዲሆን ታዝዟል፤ ሽፈራውን ሺህ ሰው ይፈራው ዘንድ ተመኝተውለታል። ዓለማየሁ ሲባል ግን ዓለምን አየሁ ያለው ሕፃኑ አይደለም፤ ወላጁ ነው። ከዚህም የተነሣ ልጁ አድጎ፥ አግብቶ፥ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ የወላጁን የአንድ ቀን ቃል ተሸክሞ ይሄዳል። ዘመንም እንዲሁ በስም ይገባል፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ነጻነት፥ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላም አብዮት የተባሉ ልጆች አሉ። በመዝገብ ቤት የባለጉዳዩን ዕድሜ የልደት ወረቀቱን ሳናይ ከስሙ ብቻ የምንገምትበት ጊዜ ብዙ ነው።

አገርም በስም ይገባል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሸዋዬ፥ ሸዋነሽ፥ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያገኛል። የልጅ ኢያሱ እናት፥ የዐፄ ምኒልክ ልጅ፥ ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ። በጠላት ዘመን ስለ አርበኝነታቸው የተመሰገኑት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ከዚሁ ወገን የሆነ ስም ነበራቸው። ዛሬ ግን በየመዋዕለ ሕፃናቱ ደጅ ሲጠራ የምንሰማው የሌላ አገር ስም ነው፤ ቤተልሔም፥ ኤደን፥ ናዝሬት፥ ኤፍራታ፥ ቢታንያ፥ ሳሮን። እናቲቱ ሳታየው ለልጅዋ የሰጠችው ቦታ ሁሉ በቅዱስ መጽሐፍ ያለ ስለሆነ አንነቅፈውም። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለችው ፌቤንም ፌቨን ተብላ በየሰፈሩ ትገኛለች። ብሌንና ሐሴት የተባሉት ከዐዲሶቹ ስሞች ለእኛ የተሻሉ ናቸው፤ የዓይን ብሌንን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለምና። ያልወደድነው ከአባት ስም አንድ ፊደል፥ ከእናት ስም ሁለት ፊደል ተቈርጦ የሚገጣጠመውን ነው። የሚያስገርመው ግን ወላጅ ሁሉ ሌላ ሰው ያልያዘውን ስም ሲሻ፥ ሁሉም ሄዶ በአንድ ስም ላይ መገናኘቱ ነው፤ መምህራንም በአንድ ክፍል ሦስት ናታን፥ አራት ኤልዳና ይዘው የአባታቸውን ስም እየጨመሩ ለመጥራት ይገደዳሉ።

ደብረ ብርሃን ራስዋ ስም የወጣላት በምልክት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት በታሪክ ተጽፏል። ከተማዪቱ ብርድዋ የበረታ፥ ብርድ ልብስዋም የታወቀ ነው። በዚህች ከተማ የታላቅ እኅታችን ልጅ ሴት ወልዳ ሕፃንዋ 78 ቀን ሆኗት ነበር፤ ሴት በ80 ቀን ስለምትጠመቅ ለክርስትናው ሁለት ቀን ቀርቶ ሳለ ልጂቱ ገና ስም አልነበራትም። ማሚቱ ብቻ ይሏት ነበር።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ከእርስዋ በፊት የተወለደ ወንድ ልጅ በስምንተኛ ወሩ ሞቷል። ስለዚህ እኅታችን ማስረሻ ትባል አሉ፤ ስሙ ለሴትም ይሆናል፥ የቤቱን ኀዘን ይሽራል ብለው ነው። አባትየው ከስልኩ ላይ ብዙ ስም ጽፎ ይዟል። በአሜሪካ ያለው ወንድማችንም የፈረንጅ አስተማሪ በቀላሉ የሚጠራው አጭር ስም ይሁን ብሎ ደውሏል፤ ልጂቱን ማን ወደዚያ እንደሚወስዳት ግን አልተናገረም። እኛም እንደ ሥራችን ልማድ የሁሉን ወገን ቃል ሰማን። በመጨረሻም ወላዲቱ ሕፃንዋን እንደ ታቀፈች፥ «ጋሼ፥ እኔ ይህችን የወለድኋት ያንን ለመርሳት አይደለም። ማስረሻ ብዬ በጠራኋት ቁጥር እርሱን እርሺው ማለቴ አይደለምን? ደግሞስ እርስዋ ምን በደለች? የራስዋ ብቻ የሆነ ስም ይኑራት» አለችን።

ቤቱ ዝም አለ። እኅታችን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እትዬ፥ ምን ይላሉ?» ብንላቸው ወዲያው አልመለሱም። ቡናው ሁለተኛ ከተቀዳ በኋላ፥ «እንኪያ ሸዋረጋ በሏት፤ ቤቱም ይርጋ» አሉ። ወላዲቱ ስሙን አንድ ጊዜ ጮክ ብላ፥ አንድ ጊዜም በሹክሹክታ በሕፃንዋ ጆሮ ጠራችው። ከዚያም ቀና ብላ «በዚህ ሰፈር እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም» አለች። አባትየውም ስልኩን ኪሱ ከተተው። በ80ኛው ቀን ካህኑ የክርስትና ስም ሰጧት፤ እርሱን በዚህ መጻፍ የእኛ ፋንታ አይደለም።

አንድ ነገር ለወላጆች ማሳሰብ እንወዳለን። ከነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት በክብር መዝገብ ይመዘገባል፤ ጊዜውም ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስከ 90 ቀን ነው። ሴት ልጅ እስክትጠመቅ ድረስ ስም ሳያወጡ የሚቈዩ ወላጆች የቀራቸው ዐሥር ቀን ብቻ መሆኑን ይቍጠሩ። አያት በአንድ ስም፥ አክስት በሌላ ስም ቢጠሯትም በመዝገቡ የሚገባው አንዱ ነው፤ አጻጻፉም አንድ መሆን አለበት። ፀሐይ የተባለች ሴት በአንዱ ወረቀት በፀ፥ በሌላው በጸ፥ በሦስተኛውም በሀ ተጽፋ፥ እናትዋ ሲሞቱ ሦስቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን በምስክር እስክታረጋግጥ ድረስ ከፍርድ ቤት ደጅ የምትመላለስበት ጊዜ አለ። ሸዋረጋ ከነዚህ መንታ ፊደላት አንዱም የለባትም፤ ይህነን ለእኅታችን ስንነግራቸው «እኔ ይህን መች አሰብሁት» ብለው ሳቁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። ከዚህ የተነሣ ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወገኖቻችን የአባታቸው ስም የቤተ ሰብ ስም ተደርጎ ስለሚጻፍ፥ አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ ስም ሲጠሩ ጎረቤቱ ዝምድናቸውን ይጠራጠራል። በአይስላንድ ደሴትም አብዛኛው ሕዝብ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራል፤ በዚያ አገር ዐዲስ ስም ለልጅ ሲወጣ ከቋንቋው ጋር መስማማቱን የሚመረምር ኮሚቴ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። በእኛ አገር ይህን ሥራ እስካሁን የያዙት አያቶች ናቸው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ የአንኮ በር ከሚለው እንደ መጣ ይነገራል። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኰረብታ ላይ ሲወጡ ከእግር በታች የምሥራቁ ቈላ እስከ አፋር ምድር ድረስ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል፤ ነፋሱም ባርኔጣ አያስቀምጥም። እኛም በፍርስራሹ አጠገብ ተቀምጠን ስናርፍ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች መጥተው ከበቡን። ስማቸውን ብንጠይቃቸው ናትናኤል፥ ኤደን፥ ቃል ኪዳን፥ ሁለተኛ ኤደን እያሉ በየተራ ነገሩን። በመጨረሻ የቆመውን ትንሽ ልጅ፥ በትከሻው ላይ የበግ ግልገል የተሸከመውን፥ «የአንተስ ስም ማን ነው?» ብንለው፥ «የትምህርት ቤቱን ነው ወይስ የቤቱን?» ብሎ ጠየቀን። ሁለቱንም ንገረን አልነው። የትምህርት ቤቱን ዳዊት ብሎ ነገረን፤ የቤቱን ሊናገር ሲል ግን እኅቱ ስለ ሳቀችበት ግልገሉን እንደ ተሸከመ ቍልቍል ሮጠ።